ከኦኔጌር ሁለተኛ ሲምፎኒ ቅጂዎች የትኛውን እንምረጥ?

የሙዚቃ ደራሲው አርቱር ኦኔጌር ሁለተኛ ሲምፎኒውን የጨረሰው በ1941 መጸው፣ ፓሪስ በጀርመን ጦር ከተያዘች ከአንድ ዓመት በኋላ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው የተጻፈው ለክር መሣሪያዎች ነው፤ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ ሁሉን ይሸከማሉ። ከእነርሱ ውጭ የሚሰማው አንድ ትራምፔት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የሚገባው ሲምፎኒው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ተደምረው ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ታላላቅ የኦርኬስትራ መሪዎች ደጋግመው ስለቀዱት፣ ዛሬ በዲጂታል የሙዚቃ አገልግሎቶች ላይ ስሙን የሚፈልግ አድማጭ በርካታ ቅጂዎች ተደርድረው ያገኛል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከሽፋናቸው አይታወቅም።

ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ሙሉ ኦርኬስትራ በሚጫወተው ሥራ ላይ የክሮቹ ድምፅ ቢሳሳ የእንጨትና የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ይሸፍኑታል፤ እዚህ ግን መሸፈኛ የለም። የመሪው ፍጥነት፣ የተጫዋቾቹ ብዛት፣ ደጋኑ በክሩ ላይ የሚያርፍበት ጫና፣ የአዳራሹ ማስተጋባት ሁሉ በግልጥ ይሰማል፤ በዚህም የተነሣ አንዱ ቅጂ ቁጣ፣ ሌላው ሐዘን፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥርት ያለ የዜማ አወቃቀር ሆኖ ይደርሰናል። ብዙ አድማጭ ቅጂ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ትራምፔቱ እንዴት እንደሚሰማ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የዚህ ሲምፎኒ ሚዛን መካከለኛው ዝግተኛ ክፍል ነው፤ ያ ክፍል የሚገባውን ያህል ካልከበደ የመጨረሻው ብርሃን ያለ ዋጋ የተገኘ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው።

ስለ ሥራው አመጣጥ

ሲምፎኒውን ያዘዘው የባዝል ቻምበር ኦርኬስትራ መሥራችና መሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ዛኸር ነው። ምክንያቱ የኦርኬስትራው አሥረኛ ዓመት በዓል ነበር፤ ኦርኬስትራው የተመሠረተው በ1926 በመሆኑ ትእዛዙ የመጣው ከጦርነቱ አስቀድሞ ነው። ኦኔጌር ግን ለዓመታት ሊጨርሰው አልቻለም፤ በጨረሰው ጊዜ የበዓሉ ወቅት ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ ደራሲው የሚኖርባት ከተማም በጠላት እጅ ነበረች። ዛኸር ሥራውን በ1942 በስዊዘርላንድ አሰማው፤ በዚያው ዓመት ሻርል ሙንሽ በተያዘችው ፓሪስ አቀረበው።

ኦኔጌር የተወለደው በ1892 በፈረንሳይ የወደብ ከተማ በለ ሃቭር ቢሆንም ወላጆቹ የስዊዘርላንድ ሰዎች ነበሩ፤ የእነርሱንም ዜግነትና የፕሮቴስታንት እምነት ይዞ አድጓል። ሲምፎኒው የተለየ ታሪክ እንደማይተርክና ከጀርባው የተሰወረ ትረካ እንደሌለው ራሱ ገልጿል። ቢሆንም ስለዚህ ሥራ የሚጻፉ መግቢያዎች ብዙውን ጊዜ የተቃውሞ ትግል ሲምፎኒ አድርገው ያቀርቡታል፤ እንዲህ ያለውን መግቢያ አንብቦ ቅጂ ለሚመርጥ ሰው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኦኔጌር በ1941 መጨረሻ፣ ሞዛርት የሞተበትን 150ኛ ዓመት ለማሰብ ጀርመኖች በቪየና ባዘጋጁት በዓል ላይ ተገኝቷል፤ ፓሪስ ነጻ ከወጣች በኋላ በዚህና በመሰል ነገሮች ተወቅሷል፤ ሥራዎቹም ለተወሰነ ጊዜ ከፈረንሳይ መድረኮች ርቀው ነበር። ስለዚህ ሲምፎኒውን የአንድ ጀግና የድል መዝሙር አድርጎ የሚመራ ሰው ከኖታው ውስጥ የሌለ ነገር ይጨምርበታል። በ1941 መጸው ድል ለማንም በግልጥ የሚታይ አልነበረም፤ ሙዚቃውም የሚጀምረው ከዚያ ጨለማ ነው።

ስናዳምጥ የት የት እናስተውል?

የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው በቪዮላ ነው። ሦስት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ድምፅ ግማሽ ድምፅ ይወርድና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህች ሐረግ ከወፍራም ክሮች ድምፅ በላይ ያለ ዕረፍት ትደጋገማለች። ከዚያ ኃይለኛው ፈጣን ሙዚቃ ይነሣል፤ ነገር ግን የመክፈቻው ሐረግ አይጠፋም፤ በመካከል ይመለሳል፤ ክፍሉም የሚዘጋው በእርሱው ነው። በጥሩ ቅጂ የሦስቱ ድምፆች ክብደት በየመመለሻው ይጨምራል እንጂ አይለዝብም። መሪው ቪዮላዋን እንደ ብቸኛ ዘፋኝ ከሌሎቹ አውጥቶ ሲያስጌጣት ሐረጓ ውብ ትሆናለች፤ ግትርነቷን ግን ታጣለች፤ ሙሉው ክፍል የቆመው ደግሞ በግትርነቷ ላይ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ስሙ ራሱ ሐዘንተኛና ዝግተኛ ተብሎ ተጽፏል። በወፍራም ክሮች ላይ ተመልሶ ተመልሶ የሚመጣ አንድ ንድፍ አለ፤ በእርሱ ላይ ቼሎዎቹ ረጅም እንጉርጉሮ ይጀምራሉ፤ ዜማው ወደ ቫዮሊኖቹ ይወጣና በግማሹ ገደማ መቋቋም ወደማይቻል ከፍታ ይደርሳል፤ ከዚያም ምንም ሳይፈታ ወደ ነበረበት ይወርዳል። ለመሪ አስቸጋሪው ይህ ክፍል ነው። ፍጥነቱ ከጨመረ ተራ ትካዜ ይሆናል፤ ከዘገየ ደግሞ ከሥር ያለው ንድፍ ይበተንና የዜማው እርምጃ ይጠፋል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከፍታው ላይ ከተደረሰ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ማዳመጥ ነው። ብዙ ኦርኬስትራዎች ወደ ላይ በሚገባ ይወጣሉ፤ ሲወርዱ ግን ድምፃቸው ሕይወቱ ይጠፋል፤ ታላላቆቹ ቅጂዎች እየወረዱም ውጥረቱን አይለቁም።

ሦስተኛው ክፍል ይፈጥናል፤ ይጨፍራል፤ ጭፈራው ግን የተረበሸ ነው፤ የተለያዩ ቅኝቶች እርስ በርስ ይጋጫሉ። እየፈጠነ ሄዶ በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያንን የኅብረት መዝሙር የሚመስል ሰፊ ዜማ ያነሣሉ፤ ዜማው የኦኔጌር የራሱ ነው። ትራምፔቱ የሚገባው እዚህ ላይ ሲሆን የሚጫወተውም ይህንኑ የቫዮሊኖቹን ዜማ ነው። ኦኔጌር ትራምፔቱን በኖታው ላይ በፈቃድ የሚጨመር አድርጎ ጻፈው፤ በኦርጋን ላይ ተጨማሪ የድምፅ መዘውር ሲሳብ ካለው ድምፅ ላይ ሌላ ቀለም እንደሚጨመር ያህል እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ ትራምፔቱ ከክሮቹ ጋር የተዋሐደበት ቅጂ ለደራሲው ሐሳብ የቀረበ ነው፤ ትራምፔቱ ከፊት ቆሞ ክሮቹ አጃቢ የሆኑበት ግን የራቀ ነው። እዚህ በማነጻጽራቸው ቅጂዎች ሁሉ ትራምፔቱ አለ።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ይህን ሲምፎኒ በስልክ ድምፅ ማጉያ ማዳመጥ ግማሹን መተው ነው፤ የኮንትራባሱና የቼሎው መስመር ስለማይሰማ ሁለተኛው ክፍል መሠረቱን ያጣል። መካከለኛ ጥራት ያለው የጆሮ ማዳመጫ እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሁለት ቅጂዎችን ለማነጻጸር የሚፈልግም መጀመሪያ የድምፅ ከፍታቸውን በጆሮው ያስተካክል፤ ከፍ ብሎ የተቀዳ ቅጂ ለጊዜው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና።

የሙንሽ ሦስት ቅጂዎች

ሻርል ሙንሽ ይህን ሥራ እንደ ራሱ ጉዳይ ያየው መሪ ነው። በ1891 በስትራስቡርግ ተወለደ፤ ከተማዋ የምትገኝባት አልዛስ በዚያን ጊዜ በጀርመን ሥር ስለነበረች በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር ውስጥ ተሰልፎ ቆስሏል። መሪ ከመሆኑ በፊት በላይፕሲግ የጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ የመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች አለቃ ነበር፤ ስለዚህ የክር መሣሪያዎችን ከውስጥ ያውቃቸዋል። በሁለተኛው ጦርነት ዘመን በፓሪስ የኮንሰርቫትዋር ኦርኬስትራን እየመራ ቆየ፤ የተቃውሞ እንቅስቃሴውንም በመርዳቱ በ1945 ከፈረንሳይ መንግሥት የክብር ኒሻን ተቀበለ።

የመጀመሪያው ቅጂው በዚያው በጦርነቱ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ከኮንሰርቫትዋር ኦርኬስትራ ጋር የተቀዳ ነው። የሸክላው ጭረት ይሰማል፤ ኮንትራባሶቹ ይደበዝዛሉ፤ የሦስተኛው ክፍል ፍጥነት ተጫዋቾቹን ከአቅማቸው በላይ ይወስዳቸዋል። ይህን ሁሉ እያወቅሁም ከታሪክ አንጻር የሚተካው የለም እላለሁ፤ ተጫዋቾቹ የቀዱት የሙዚቃው ጭንቀት የራሳቸው የዕለት ኑሮ በነበረበት ጊዜ ነው። ሥራውን ገና ለማያውቅ ሰው ግን የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም፤ የድምፁ ጉድለት ሁለተኛውን ክፍል ይጎዳዋል፤ ይህ ክፍል ደግሞ ጉዳት አይችልም።

ሁለተኛው በ1953 ከቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ለአር.ሲ.ኤ. የሸክላ ኩባንያ የተቀዳው ነው። ኦርኬስትራው ከፓሪሱ ይልቅ እጅግ የጠነከረ ነው፤ ሙንሽም ኃይሉን ሳይቆጥብ ይጠቀምበታል። ከሦስቱ በጣም ቁጡው ይህ ነው። ሆኖም በአንድ መሥመር ማለትም በሞኖ የተቀዳ በመሆኑ የድምፆቹ መደራረብ በተለይ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይጠባል።

ሦስተኛው በ1967 የተቋቋመው ኦርኬስትር ደ ፓሪ ገና በተመሠረተበት ዓመት የተቀዳ ነው፤ ሙንሽ የዚህ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ መሪ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ከኦርኬስትራው ጋር በአሜሪካ በጉዞ ላይ ሳለ አርፏል። ከሙንሽ ቅጂዎች አንዱን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህን ይውሰድ። ድምፁ ስቴሪዮ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ጥድፊያ እንዳለ ነው፤ በሁለተኛው ክፍል ግን ከቀደሙት ሁለቱ የበለጠ ጊዜ ይሰጣል፤ ሲወርድም አይቸኩልም። አዲስ ኦርኬስትራ በመሆኑ አልፎ አልፎ ቫዮሊኖቹ ፍጹም አይገጥሙም፤ እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ይህ ሙዚቃ ከመጠን በላይ ሲለሰልስ ከሚያጣው ይልቅ ሲሻክር የሚያጣው ያንሳል።

ካራያንና በርሊን

ኸርበርት ፎን ካራያን ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ይህን ሲምፎኒ በ1969 በስዊዘርላንድ ዛንክት ሞሪትስ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለዶይቸ ግራሞፎን ቀዳው፤ ሦስተኛው የኦኔጌር ሲምፎኒም አብሮት አለ። ከላይ በተናገርሁት ሚዛን ከሄድን፣ ሁለተኛው ክፍል ከዚህ ቅጂ በላይ የከበደበት አላውቅም። ኮንትራባሶቹ ከሥር የሚያነጥፉት ድምፅ ጥልቅና ጥቁር ነው፤ ቼሎዎቹ ዜማውን ሲያነሡ ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ አይታወቅም፤ ከፍታው ላይ ሲደርሱ ሙሉው የክር ክፍል እንደ አንድ ድምፅ ይጮኻል፤ ቁልቁለቱም እስከ መጨረሻው ድምፅ ድረስ በውጥረት የተያዘ ነው። ካራያን እዚህ ከሁሉም ይልቅ ይዘገያል፤ ንድፉ ግን አይበተንም፤ ምክንያቱም ኦርኬስትራው ረጅም ሐረግን ሳይቆርጥ የመሸከም አቅም አለው። በመጨረሻው ክፍል ትራምፔቱ ከቫዮሊኖቹ ጀርባ ይነሣል፤ ውሕደቱ ኦኔጌር ለፈለገው ቅርብ ነው።

የሚጎድለው ነገር በመጀመሪያው ክፍል ይታያል። የበርሊን ክሮች ድምፅ እጅግ የተሞላና የተወለወለ ስለሆነ፣ የፈጣኑ ክፍል ስለት በከፊል ይደነዝዛል፤ ሙንሽ የሚቆርጠውን ካራያን ይገፋዋል። ሌላም መነሣት ያለበት ጉዳይ አለ። ካራያን የናዚ ፓርቲ አባል ነበር፤ በግንቦት 1941፣ ይህ ሲምፎኒ በፓሪስ ውስጥ ገና በሚጻፍበት ዓመት፣ የበርሊን መንግሥታዊ ኦፔራን ይዞ ወደ ተያዘችው ከተማ መጥቶ በፓሪስ ኦፔራ የቫግነርን ሥራ መርቷል። ይህን ካወቀ በኋላ ይህን ሙዚቃ ከእርሱ እጅ መስማት የሚከብደው አድማጭ ይኖራል፤ ስሜቱንም አከብራለሁ። እኔ ግን ቅጂውን አልተውሁትም፤ በሁለተኛው ክፍል የሚሰማውን ነገር ከሌላ ቦታ ስላላገኘሁት አሁንም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

በኋላ በወጣው ሲዲ ላይ ከሁለቱ የኦኔጌር ሲምፎኒዎች ጋር የስትራቪንስኪ ለክር ኦርኬስትራ የተጻፈ ኮንሰርቶ ተጨምሯል፤ ይህንንም በ1946 ያዘዘው ያው ዛኸር ሲሆን ምክንያቱ የባዝል ኦርኬስትራ ሃያኛ ዓመት ነበር። ለአሥረኛውና ለሃያኛው ዓመት የታዘዙትን ሁለት ሥራዎች አከታትሎ መስማት ለሚወድ ይህ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ቦዶና የቼክ ፊልሃርሞኒክ

ፈረንሳዊው ሰርዥ ቦዶ አምስቱንም የኦኔጌር ሲምፎኒዎች ከቼክ ፊልሃርሞኒክ ጋር ለሱፕራፎን ቀድቷል። የካራያንን ውፍረት የማይፈልግ፣ የሙንሽም ሻካራነት የሚያስቸግረው አድማጭ ማረፊያው እዚህ ነው። የፕራግ ክሮች ድምፅ ቀጭንና ብርቱ ነው፤ እያንዳንዱ መሥመር ለብቻው ይሰማል፤ የመጀመሪያው ክፍል ሦስት ድምፆች በዚህ ቅጂ ውስጥ ጌጥ የላቸውም፤ እኔም እንዲህ ነው የምፈልጋቸው። ሁለተኛው ክፍል ከካራያን ይልቅ ይራመዳል፤ ሐዘኑ ያነሰ ሳይሆን የደረቀ ነው። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ከሁሉም ቅጂዎች የተሻለ ነው፤ እርስ በርስ የሚጋጩት ቅኝቶች ሳይደባለቁ ስለሚሰሙ የጭፈራው መረበሽ ትርጉም ያገኛል። ከካራያን ታሪክ የተነሣ የመጀመሪያ ምርጫዬን መቀበል የማይችል ሰው ያለ ጥርጥር ቦዶን ይውሰድ፤ አምስቱን ሲምፎኒዎች በአንድ መሪ እጅ ማግኘት ለሚፈልግም ተመራጩ ይህ ስብስብ ነው።

ሌሎቹ ቅጂዎች

ኧርነስት አንሰርሜ ከስዊስ ሮማንድ ኦርኬስትራ ጋር በ1961 ለዴካ የቀዳው ግልጽና ሥርዓት ያለው ነው፤ አንሰርሜ የኦኔጌር ወዳጅ ነበር፤ ነገር ግን የኦርኬስትራው ክሮች ለዚህ ሥራ ይሳሳሉ። ሻርል ዱትዋ ከባየርን ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር በኤራቶ ያወጣው ሙሉ ስብስብ የድምፅ ጥራቱ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ኖታውን እየተከተለ ለሚያጠና ተማሪ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። ሚሼል ፕላሶን በቱሉዝ የቀዳውም መልካም ነው፤ ከቦዶ አስቀድሞ የሚያስመርጥ ነገር ግን አላገኘሁበትም።

ማሪስ ያንሶንስ በ1990ዎቹ ከኦስሎ ፊልሃርሞኒክ ጋር ለኢ.ኤም.አይ. የቀዳው ከእነዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲምፎኒ ከ«ፓሲፊክ 231» ጋር በአንድ ሲዲ ያቀርባል፤ ይህ የባቡር ሞተርን ኃይል በኦርኬስትራ የሚያሰማ የ1923 ሥራ ኦኔጌርን በዓለም ዙሪያ ያሳወቀው ነው። ድምፁ ከቀደሙት ሁሉ የጠራ ነው፤ መሪው ውጥረትን ማጠንከር ያውቅበታል፤ የቆየ ቅጂ ድምፅ ለሚያስቸግረው አዲስ አድማጭ መግቢያ እንዲሆነው የምሰጠው ይህን ነው። ሁለተኛው ክፍል ከካራያን ጥልቀት ባይደርስም ቁልቁለቱን በጥንቃቄ ይይዘዋል።

ከሲምፎኒው ይልቅ ሌላ ሥራ የሚስማማው አድማጭ

የኦኔጌር የመጨረሻ ገጾች አንዳንዱን አድማጭ አያሳምኑትም፤ ከእንዲህ ያለ ሐዘን በኋላ በትራምፔት መዝጋት ፈጥኖ መጽናናት ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ስሜቱ ያለው ሰው ቅጂ እየቀያየረ ከመድከም ይልቅ ሌላ ሥራ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ያ ጦርነት ለክር መሣሪያዎች የተጻፉ ሌሎች ታላላቅ ሥራዎችንም ትቶ አልፏልና።

መጽናናት የሌለበትን የሚሻ የጀርመናዊውን ደራሲ የሪሻርድ ሽትራውስን «ሜታሞርፎዘን» ይስማ። ይህንንም ያዘዘው ዛኸር ነው። ሽትራውስ በሚያዝያ 1945፣ የጀርመን ከተሞችና እርሱ ያደገባቸው የኦፔራ ቤቶች በፈረሱበት ወቅት ጨረሰው፤ ዛኸር በጥር 1946 ዙሪክ ውስጥ አሰማው። የተጻፈው ለ23 ብቸኛ ክር ተጫዋቾች ነው፤ አሥር ቫዮሊን፣ አምስት ቪዮላ፣ አምስት ቼሎና ሦስት ኮንትራባስ፤ እያንዳንዱ የራሱ መሥመር አለው። በመጨረሻ የቤትሆቨን ሦስተኛ ሲምፎኒ የቀብር ጉዞ ዜማ በወፍራም ክሮች ውስጥ ብቅ ይላል፤ እዚያ ላይ ሽትራውስ «ለመታሰቢያ» የሚል ጽሕፈት በላቲን አኑሯል። ከኦኔጌር ጋር ሲነጻጸር ዋናው ልዩነት ይህ ነው፤ ኦኔጌር የሚያዝነው በመከራው ውስጥ ሆኖ ሲሆን ሽትራውስ የሚያዝነው ላለፈ ነገር ነው፤ ደግሞም ሐዘኑ ከጥፋቱ ተጠያቂ ስለነበረችው አገር ባህል መሆኑን መርሳት አይቻልም። ከቅጂዎቹ በ1973 ሩዶልፍ ኬምፐ ከድሬስደን ሽታትስካፔለ ጋር የቀዳውን እመርጣለሁ፤ ድሬስደን ራሷ በየካቲት 1945 በቦምብ የወደመች ከተማ ናት።

አጭር ሥራ የሚፈልግ ሰው የፓቬል ሃስን «የክር ኦርኬስትራ ጥናት» ከሁሉ ያስቀድም። ቼካዊው አይሁዳዊ ሃስ ይህን በ1943 የጻፈው ናዚዎች አይሁዳውያንን ሰብስበው በያዙበት በቴሬዚን ጌቶ ውስጥ ሲሆን፣ የጻፈው ለእስረኞች ኦርኬስትራ ነበር፤ ኦርኬስትራውን የመራው ደግሞ ሌላው እስረኛ ካሬል አንቸርል ነው። በ1944 ናዚዎች ጌቶውን ያማረ መኖሪያ አስመስለው ለፕሮፓጋንዳ ፊልም ሲቀርጹ ይህ ሥራ ሲጫወት ተቀረጸ፤ ሃስም ለጭብጨባው ሲነሣ በፊልሙ ይታያል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሃስ ወደ አውሽቪትስ ተወስዶ ተገደለ። አንቸርል ሚስቱንና ልጁን እዚያው አጥቶ ተረፈ፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቴሬዚን ተመልሶ የተጫዋቾቹን የኖታ ወረቀቶች አገኘ፤ የኮንትራባሱ ክፍል ግን ጠፍቶ ስለነበር የሙዚቃ ተመራማሪው ሉቦሚር ፔዱዚ አሟልቶታል። ከ1950 እስከ 1968 የቼክ ፊልሃርሞኒክን የመራው ይኸው አንቸርል ነው። ይህ ሁሉ ታሪክ ባይታወቅ እንኳ ሙዚቃው በራሱ ይቆማል፤ ፈጣን፣ ጠንካራ፣ የሞራቪያ ሕዝባዊ ዜማ የሚሰማበት፣ ራሱን ለሐዘን ያልሰጠ ሥራ ነው። የኦኔጌር ሦስተኛ ክፍል የሚማርከው አድማጭ ሃስን ይወደዋል፤ ሁለተኛው ክፍል የሚማርከው ግን ወደ ሽትራውስ ይሂድ።

በሲምፎኒ ቅርጽ ለሚጸና ሁለት ተጨማሪ ምርጫዎች አሉ። የመጀመሪያው የካርል አማዴውስ ሃርትማን አራተኛ ሲምፎኒ ነው። ሃርትማን ሙኒክ ውስጥ እየኖረ ናዚዎች በሥልጣን በቆዩበት ዘመን ሁሉ ሥራዎቹ በጀርመን እንዳይሰሙ የከለከለ ሰው ነው፤ ይህን ሲምፎኒ በ1938 ከጻፈው ሥራ ተነሥቶ ከጦርነቱ በኋላ አሁን ባለው መልኩ አዘጋጀው፤ በ1948 ሙኒክ ውስጥ ተሰማ። ሁለቱ ዝግተኛ ክፍሎች ፈጣኑን ከመካከላቸው ስላደረጉ የሚዘጋው በሐዘን ነው፤ የኦኔጌርን ትራምፔት መቀበል ላልቻለ ሰው ከሁሉ ቀጥተኛው መልስ ይህ ይመስለኛል። ሁለተኛው የአሜሪካዊው ዊልያም ሹማን አምስተኛ ሲምፎኒ ነው፤ በ1943 የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ በነበረው በሰርጌ ኩሴቪትስኪ ትእዛዝ ተጽፎ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በቦስተን ተሰማ። ከአውሮፓው ጦር ሜዳ ርቆ የተጻፈ በመሆኑ ጉልበቱ ያልተሰበረ፣ ድምፁም ሰፊና ብሩህ ነው፤ ዝግተኛው ክፍሉ ግን ከመላው የሹማን ሥራ ምርጡ ነው እላለሁ። ለዚህ ሥራ ቅጂ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፤ ሌናርድ በርንስታይን በ1960ዎቹ ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀዳው ይበቃል።